የዳዊት በገና፦ ስሙ ከየት መጣ?

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ድምፁ ከየቤቱ፣ ከየሱቁና ከየታክሲው መሰማት ይጀምራል። ዓመቱን ሙሉ ዘፈን ሲያሰማ የከረመው ሁሉ ለ55 ቀናት ቦታውን ለበገና ይለቃል። ያ እንደ ንብ መንጋ የሚነዝር ጥልቅ ድምፅ ሲሰማ፣ ጨዋታ የያዘ ሰው እንኳ ሳያውቀው አንደበቱን ዝቅ ያደርጋል። «ይህ መሣሪያ ከየት መጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ንጉሥ ዳዊት ይደረድረው የነበረው፣ ቀዳማዊ ምኒልክ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ከታቦተ ጽዮን ጋር ይዞት የመጣው በገና ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ መልስ ውብ ነው። ከውበቱም የተነሣ ብዙ ሰው ቆም ብሎ አይመረምረውም። የሚመረምሩትም ቢሆኑ በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን ትውፊቱን ቃል በቃል ይቀበልና ማስረጃ የጠየቀውን ሁሉ በሃይማኖት ላይ እንደ ተነሣ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ወገን ማስረጃ የለውም በማለት ትውፊቱን ተረት ብሎ ይጥልና በገናውንም አብሮ ያቃልላል። እኔን የሁለቱም መንገድ አይጥመኝም። ውሎዬ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ነውና አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ደረሰኙ የጠፋበት ገንዘብ ሁሉ የተሰረቀ አይደለም፤ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ግን «ገቢ ሆኗል» ተብሎ አይጻፍም። የበገናን ታሪክ በዚህ ዓይን ብናየው ምን እናገኛለን? የዛሬው ጽሑፌ ይህን ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው።

መሣሪያውና ትርጓሜው

አስቀድመን መሣሪያውን እንየው። በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ደርዳሪው ተቀምጦ ከጎኑ አስደግፎ የሚይዘው መሣሪያ ነው። ከታች በቆዳ የተለበጠ አራት ማዕዘን የድምፅ ሣጥን አለው፤ ገበቴ ይባላል። ከገበቴው ሁለት ዐምዶች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በእነርሱም ላይ ቀንበር ይጋደማል። ከበግ አንጀት የተፈተሉ ዐሥር አውታሮች ከቀንበሩ ተነሥተው፣ በርኩማ በሚባለው መደገፊያ ላይ አልፈው፣ ከገበቴው ግርጌ ይታሰራሉ። በየአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያ ሁላችንም የምናውቀው ነዛሪ ድምፅ የሚወለደው ከዚህች ቁራጭ ነው። እንዚራዋ ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ካለች ንዝረቱ ይጠፋል፤ አውታሩም ይደነዝዛል። ስለዚህ በገና መቃኘት ራሱን የቻለ የትዕግሥት ትምህርት ነው። ቤልጂጋዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ስቴፋኒ ቫይሴር በ2000ዎቹ በስፋት ያጠናችው ይህንኑ ንዝረት ነበር።

በገና በጣት ሲመታ ድርደራ፣ ድኅንፃ በሚባለው መምቻ ሲመታ ደግሞ ግርፍ ይባላል። ዐሥሩ አውታሮች ሁሉ ግን እኩል አይናገሩም። በተለመደው አደራደር ዜማውን የሚሸከሙት ከፊሎቹ ናቸው፤ የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ጸጥተኞች ናቸው። ከዐሥሩ ከፊሉ ዝም የሚልበት መሣሪያ ለጸሎት መመረጡ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከመሣሪያው ጋር ትርጓሜውም አብሮ ይወረሳል። ዐሥሩ አውታሮች ዐሥርቱ ትእዛዛት ናቸው፤ ገበቴው የእመቤታችን፣ ሁለቱ ዐምዶች የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ ገብርኤል፣ ቀንበሩ ከሁሉ በላይ ያለው የእግዚአብሔር ምሳሌ ነው። ዐምዶቹን ብሉይና ሐዲስ ብለው የሚተረጉሙም አሉ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መተርጎሙ ሊያሳስበን አይገባም፤ የአንድምታ ልማድ ነውና። ይሁን እንጂ አንድምታ መሣሪያው ምን እንደሚያስተምር ይነግረናል እንጂ ማን እንደ ጠረበው አይነግረንም። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱን ጥያቄዎች ስናደባልቅ ነው።

ትውፊቱ የሚለው

የትውፊቱ ሥር የታወቀ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን፣ የልጃቸውን የምኒልክንና የታቦተ ጽዮንን ነገር ይተርካል። ከእስራኤል በኩር ልጆች ጋር ሕግና ካህናት፣ ሥርዓትና ጥበብ አብረው መጡ ይላል ትውፊቱ። በገናውም በዚህ ጓዝ ውስጥ ቦታ አገኘ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ክፉ መንፈስ ያስጨነቀውን ሳኦልን ዳዊት በመሣሪያ እየመታ ያሳርፈው እንደ ነበር ተጽፏል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያንን መሣሪያ «በገና» ብሎ ተርጉሞታል። እንግዲህ አማርኛ አንባቢ ከመጽሐፉም ከቤቱም የሚያገኘው ቃል አንድ ሲሆን፣ ዕቃውም አንድ ነው ቢል ምን ይፈረድበታል?

ትውፊቱ ጠላትም አዘጋጅቷል። በገና የእግዚአብሔር መሣሪያ ሲሆን ክራር የሰይጣን ነው የሚል ወግ አለ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የሙዚቃ ሊቅ የነበሩት አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጥናት «የሰይጣን መሣሪያ» የሚለውን ስም በርእሱ ውስጥ አስገብተውታል። ሁለቱ መሣሪያዎች ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ዐምድ፣ ቀንበርና አውታር አላቸው። ቋንቋችንም ቢሆን ወሰኑ ያን ያህል ጥብቅ እንዳልነበር ያስታውሰናል፤ «መዝሙር» እና «አዝማሪ» ከአንድ ግስ፣ ከ«ዘመረ» የወጡ ናቸው። አንዱን በመቅደስ ደጃፍ፣ ሌላውን በጠጅ ቤት ያቆማቸው ዘመን ነው እንጂ ሥርወ ቃሉ አይደለም።

ማስረጃው የሚለው

ወደ ማስረጃው ስንመጣ የመጀመሪያው አስቸጋሪ ነገር ዕቃው ራሱ ነው። እንጨት ይበላል፤ አንጀት ይበሰብሳል፤ ቆዳ ይቀደዳል። በሺህ የሚቆጠር ዓመት ያስቆጠረ በገና በእጃችን የለም። ስለዚህ የምንመረምረው ዕቃውን ሳይሆን ቃሉን፣ ሥዕሉንና የተጓዦችን ጽሑፍ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። ዳዊት የመታው መሣሪያ በዕብራይስጥ ኪኖር ይባላል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪዮስ ዮሴፍ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኪኖር ዐሥር አውታር እንዳለውና በመምቻ እንደሚመታ ጽፏል። ዐሥር አውታርና መምቻ ሲባል በገናችን ትዝ ይለናል፤ ልባችንም ይሞቃል። ነገር ግን ጸሐፊው ከዳዊት በኋላ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ የኖረ ሰው መሆኑን አንርሳ። በግዕዝ ደግሞ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ የሚሰጠው ስም «መሰንቆ» ነበር። ዛሬ መሰንቆ የምንለው ባለ አንድ ጭራ የአዝማሪ መሣሪያ ስሙን የወረሰው ኋላ ነው። የመዝሙረ ዳዊት የግዕዝ ትርጉምም ዐሥር አውታር ስላለው መሣሪያ ይናገራል። እንግዲህ «ዐሥር» የሚለው ቁጥር በመጽሐፍ በኩል በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ምስክር የመሣሪያው ቅርጽ ነው። የበገና ዘመዶች የሆኑ ባለ ቀንበር መሣሪያዎች በዓለም ላይ እጅግ ጥንታውያን ናቸው። በዛሬዋ ኢራቅ በምትገኘው ኡር ከመቃብር የወጡት 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። በግብፅ ቤኒ ሐሰን በሚገኝ መቃብር ግድግዳ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ገደማ የተሣለ፣ ከእስያ የመጣ መንገደኛ እየሄደ ሲደረድር ይታያል። በአፍሪካ ያሉት ዘመዶች ግን፣ የኑቢያው ኪሲርና የኬንያው ኛቲቲ፣ የእኛም ክራር ጭምር፣ ገላቸው ብዙውን ጊዜ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ክብ ነው። አራት ማዕዘን ሣጥን ያለው በገና በአህጉሩ ብቸኛ ሊባል የሚችል ነው፤ መልኩም ከጥንታዊው የቅርብ ምሥራቅ መሣሪያዎች ጋር ይቀራረባል። ይህ ለትውፊቱ የሚደግፍ ይመስላል፤ በእርግጥም የበገና ዘር ከቀይ ባሕር ማዶ ወይም በዓባይ ሸለቆ መጥቶ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው መጥቷል ማለትና በዚህ ዓመት፣ በዚህ ሰው እጅ መጥቷል ማለት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ምስክር ሥዕሉ ነው። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በብራና መዝሙረ ዳዊቶች ላይ ንጉሥ ዳዊት ዘውድ ደፍቶ፣ በዙፋን ተቀምጦ፣ በገና ሲደረድር ተሥሏል። ሥዕሎቹን ስናይ «ይኸው!» ለማለት እንቸኩላለን። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የአውሮፓ ሠዓልያን ይህንኑ ዳዊት የራሳቸውን ባለ ሦስት ማዕዘን መሣሪያ አስይዘው ይሥሉት ነበር። ሠዓሊ ሁሉ ያላየውን ንጉሥ የሚያስይዘው ያየውን መሣሪያ ነው። ሥዕሉ የሚመሰክረው ስለ ዳዊት ዘመን ሳይሆን ስለ ሠዓሊው ዘመን ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ በገና እንደ ነበረና ለንጉሥ የሚገባ መሣሪያ ተደርጎ ይታይ እንደ ነበር ያረጋግጥልናል። ከዳዊት ዘመን እስከዚያ ያለው ክፍተት ግን ወደ 2,400 ዓመት ይጠጋል።

አራተኛው ምስክር ተጓዥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በቤተ መንግሥት ስለሰማው አራት ማዕዘን ባለ አውታር መሣሪያ ጽፏል፤ የመዘገበው ስም «ዳዊት መሰንቆ» የሚል ነው። መሣሪያው ይደረደርለት የነበረው ንጉሥ ደግሞ ራሱም ዳዊት እየተባለ ይጠራ የነበረው ዐፄ ልብነ ድንግል ነው። እንግዲህ ከ500 ዓመት በፊት መሣሪያውና ስሙ አንድ ላይ ታስረው ነበር።

እነሆ የያዝነውን ነጥብ እንፍታው። በአገራችን «ዳዊት» የሰው ስም ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፍ ስምም ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ንባብን የሚያጠናቅቀው በዳዊት ነው፤ ምእመኑ ማለዳ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊት በማኅደር ተደርጎ በትከሻ ይንጠለጠላል። ታዲያ «የዳዊት በገና» ሲባል የንጉሡ የግል ዕቃ ማለት ብቻ ይሆን? ወይስ ዳዊት የሚደገምበት፣ የዳዊት መጽሐፍ ያዘዘው ባለ ዐሥር አውታር መሣሪያ ማለት ነው? የእኔ ግምት ወደ ሁለተኛው ያደላል። ዳዊት ወደ እኛ የመጣው በብራና ነው፤ ብራናውን ያነበበ ሰው በእጁ የነበረውን መሣሪያ በመጽሐፉ ስም ጠራው፤ ከንጉሣውያኑ የሰሎሞን ዘር ነን ማለት ጋር ሲገጥም ደግሞ የመጽሐፉ ስም ወደ ባለቤትነት ተለወጠ። ይህ ትውፊቱን አያዋርደውም። አንድ ሕዝብ መጽሐፍን አንብቦ ከእንጨትና ከአንጀት ድምፅ እስከመፍጠር መድረሱ፣ ዕቃ ተሸክሞ ከማምጣት ያነሰ ነገር አይደለምና።

ጎንደር ምን ትላለች?

አሁን ወደ ገዛ ከተማችን እንመለስ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነበር። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተቀምጧል፤ ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች አክሟል፤ ከቀሐ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያለውን የጎንደር ኑሮ በቅርብ አይቷል። ከዚህም ሌላ ለሙዚቃ ዓይን የነበረው ሰው ነበር። ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት በግብፅ ቴብስ በሣልሳዊ ራምሴስ መቃብር ውስጥ የተሣሉትን ደርዳሪዎች ገልብጦ ስለ ነበር መቃብሩ በስሙ እስከ መጠራት ደርሷል።

ብሩስ ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ በላከው ደብዳቤ የኢትዮጵያን የዜማ መሣሪያዎች ስድስት ብሎ ይቆጥራል፤ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ አታሞ፣ ጸናጽልና ባለ ቀንበሩ መሣሪያ። ጸናጽልን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲሰጥ፣ ባለ ቀንበሩን ግን ለግብዣና ለደስታ ይሰጠዋል። አውታሮቹንም አምስት፣ ስድስት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ናቸው ይላል። ስለ ዐሥር አውታር፣ ስለ ጸሎትም ሆነ ስለ ጾም አያነሣም።

ይህን ዝምታ እንዴት እንረዳው? ብሩስ የገለጸው ክራርን ወይም ለክራር የቀረበ መሣሪያን ይመስለኛል። እርሱ ስላልጻፈው በገና በጎንደር አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ከእርሱ 250 ዓመት በፊት አልቫሬዝ በቤተ መንግሥት ጽፎታልና። ነገር ግን ዝምታው ጨርሶ ባዶ አይደለም። ከእቴጌይቱ ግቢ ሳይወጣ የኖረ፣ ለመሣሪያ ዓይን የነበረው ሰው ሳያነሣው ካለፈ፣ በገና በዚያ ዘመን ዛሬ እንደምናስበው በየቤቱ የሚሰማ አልነበረም ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ምናልባት ከጥቂት መኳንንትና መነኮሳት እልፍኝ የማይወጣ፣ ለእንግዳ የማይደረደር ነገር ነበር። የኋላው ዘመን ይህን ጥርጣሬ ይደግፋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በበገና ስማቸው ከሚነሣው አንዷ ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ዘር የተወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ ቅኔ፣ ሰንጠረዥና በገና የዕውቀታቸው መለያዎች ነበሩ። በገና የልዕልናና የብቸኝነት መሣሪያ ሆኖ የኖረ ይመስላል።

የጎንደር ሰው የሆነ ሁሉ ሌላም ነገር ያስተውላል። የጎንደር በዓታ የአቋቋም ምስክር ናት፤ ዝማሬ፣ ድጓ፣ ቅዳሴም የየራሳቸው ምስክር ቤት አላቸው። አንድ መሪጌታ ከማን እንደ ተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደ ተማረ ቆጥሮ መናገር ይችላል። በገና ግን ምስክር ቤት የለውም። በማኅሌት የሚያገለግሉት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው፤ በገና ከማኅሌቱ ውጭ ነው። ጸሎት ነው፤ ሥርዓተ ቅዳሴ ግን አይደለም። የሚደረደረው በቤት፣ በጾም ወራት፣ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ነው። ግጥሙም ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ እመቤታችን አማላጅነት በለሆሳስ የሚነገር ነው።

የታሪኩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ያለው ዜማ የመምህራኑን ስም ያቆያል። ትምህርት ቤት የሌለው ዜማ የመምህራኑን ስም ይረሳል፤ በተረሱት ስሞች ምትክም አንድ ታላቅ ስም ያስቀምጣል። የድጓው ተማሪ ከቅዱስ ያሬድ ወዲህ ያሉትን ብዙ መምህራን ይጠራል። የበገናው ተማሪ ከአስተማሪው ተነሥቶ በአንድ ዝላይ ዳዊት ላይ ይደርሳል። በመካከል ያሉት የ3,000 ዓመት እጆች ስም የላቸውም።

ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ምስክር

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በጃፓን ሻኩሃቺ የሚባል ከቀርከሃ የሚሠራ ዋሽንት አለ። በኢዶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ ኮሙሶ የሚባሉ ተመጽዋች መነኮሳት ፊታቸውን በሚሸፍን የቅርጫት ባርኔጣ ተከልለው ይህን ዋሽንት እየነፉ ይዞሩ ነበር። ማኅበራቸው የፉኬ ወገን ይባላል፤ መንፋቱም ለእነርሱ የዜን ተመስጦ እንጂ ሙዚቃ አልነበረም። ሥርዓታችን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቻይና ከኖረው ፑሁዋ ከተባለው መነኩሴ የመጣ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካኩሺን በተባለ ጃፓናዊ መነኩሴ በኩል የተላለፈ ነው ይሉ ነበር። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1795 የታተመ «ኪዮታኩ ዴንኪ» የሚባል መጽሐፍ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1614 ከገዢው ከቶኩጋዋ ኢያሱ ተሰጠን የሚሉት የመብት ደብዳቤም ነበራቸው፤ ዋናው ቅጂ ግን አልተገኘም፤ የተገኙት ግልባጮችም እርስ በርስ አይስማሙም።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናካትሱካ ቺኩዜን የተባለ፣ ራሱም የሻኩሃቺ ሰው የነበረ ተመራማሪ ሰነዶቹን መርምሮ የትውልድ ሐረጉ የማይታመን፣ ኋላ የተቀናበረ መሆኑን አሳየ። ወገኑ ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ በሜይጂ መንግሥት ትእዛዝ ተበትኖ ነበር። ሐረጉ ፈረሰ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ዋሽንቱ ግን አልፈረሰም። ኩሮሳዋ ኪንኮ የተባለው መምህር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከየገዳማቱ እየሰበሰበ ያቆያቸው 36 ዜማዎች እስከ ዛሬ ይነፋሉ፤ በትንፋሹ የሚጸልይ ሰውም አለ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የጃፓኑን ትውፊት ያቆየው የሐሰት ደብዳቤው እንዳልሆነ እንማራለን። ያቆየው ዜማውን የሰበሰበው መምህርና በየቀኑ የሚነፋው ተማሪ ነው። እኛስ? የእኛ ትውፊት ደብዳቤ አልፈበረከም፤ የተሸከመው ስም ብቻ ነው። ነገር ግን ስሙ ላይ ብቻ ከተደገፍን መምህሩን እንረሳለን።

የተቆረጠውና የተቀጠለው አውታር

የመርሳት አደጋው ሩቅ አይደለም፤ በእኛ ዕድሜ ታይቷል። በንጉሡ ዘመን በጾም ወራት በሬዲዮ ይሰማ የነበረው በገና ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከአየር ወረደ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የነበረው የበገና ትምህርትም ተቋረጠ። በእነዚያ ዓመታት ትምህርቱን ከመጥፋት ያዳኑት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ያስተማሩት፣ እንጦጦ ተወልዶ ያደገው ዓለሙ አጋ፣ ከመምህሩ የተቀበለውን ጠብቆ አቆየ፤ በያሬድ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በኋላም «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 11ኛ ዲስክ ላይ ድምፁ ለዓለም ተሰማ። የዲስኩ ርእስ የንጉሥ ዳዊትን በገና የሚጠራ ነው። እኔ ግን ዲስኩን ስሰማ የማስበው ስለ ንጉሡ ሳይሆን ስለ አለቃ ተሰማ ነው። እርሳቸው ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው ጣቱን በአውታሩ ላይ ባያሳርፉለት ኖሮ፣ የዳዊት ስም ብቻውን በገናውን ያቆየው ነበርን?

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ሰንበት ትምህርት ቤቶች በገና ያስተምራሉ፤ በአዲስ አበባና በየክልሉ ከተሞች የበገና ማሠልጠኛዎች ተከፍተዋል፤ ቀድሞ በአብዛኛው የወንድ ሥራ ይመስል የነበረውን ዛሬ ብዙ ሴቶች ይደረድሩታል። በአንጀት ፈንታ የናይሎን አውታር፣ በገበቴው ውስጥ የድምፅ ማጉያ፣ በየሠርጉ አዳራሽ መድረክ ላይ ዐሥርና ዐሥራ አምስት በገና በአንድነት የሚመታበት ዘመን ላይ ደርሰናል። መሣሪያው አልጠፋም፤ በዚህ ደስ ይለናል።

ግን ሌላ ነገር እየጠፋ ነው። የየአካባቢው ቅኝት፣ የግርፍ አመታት፣ የድሮ ግጥሞች፣ የጠራቢዎች ስም፣ እንዚራን የማስተካከል ብልሃት፣ ማን ማንን እንዳስተማረ የሚናገር ሐረግ፤ እነዚህን የያዙ አዛውንቶች አንድ በአንድ እያለፉ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ወጣቱን ደርዳሪ ስለ ዳዊትና ስለ ምኒልክ ብንጠይቀው አንድ ሰዓት ያወራናል፤ በገናውን ስለ ጠረበለት ሰው አባት ብንጠይቀው ግን ዝም ይላል። ትልቁ ስም ትንንሾቹን ስሞች ውጧቸዋል። ትውፊቱን የምጠይቀውም ስለዚህ ነው፤ ዳዊትን ለመቀነስ ሳይሆን፣ በዳዊት ጥላ ሥር የተሰወሩትን ሰዎች ለማውጣት ነው።

በአማርኛ «በገነ» ማለት በውስጡ ነደደ፣ ተቃጠለ ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ይህ ግስ ከመሣሪያው ስም ጋር ይዛመድ አይዛመድ ይከራከሩበት፤ ለጆሮ ግን ይስማማል። በገና የሚያቃጥለን ከኢየሩሳሌም ስለመጣ አይደለም። አንድ ሰው በጨለማ ተቀምጦ ሞቱን እያሰበ አውታር ሲነካ፣ ያ ድምፅ የራሳችንን ሞት ስለሚያስታውሰን ነው። ይህ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ ትናንት ማታ እውነት ነበር። ማንም ሰነድ አይሰጠውም፤ ማንም ሰነድ አይነሣውም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው ጾም በገና የሚደረድር ሰው ካገኘህ «ከየት መጣ?» ብለህ አትጠይቀው፤ መልሱን ታውቀዋለህ፤ እርሱም ያውቀዋል። ይልቅስ «ማን አስተማረህ? እርሱንስ ማን አስተማረው? ይህን በገና የጠረበው ማን ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ የነገረህንም ስም ጻፈው። ከዛሬ 100 ዓመት በኋላ ስለ በገና የሚጽፍ ሰው ከእኛ ይልቅ ብዙ ደረሰኝ በእጁ ይኖረዋል።

ቸር ያሰንብተን።